የብሌዝ ኮድሮን ጣቶች

እሁድ ከሰዓት በኋላ ብሌዝ ኮድሮን ወደ ጊስላን ዋትሌ ቤት ሲሄድ እጆቹን ከኪሱ አያወጣም። ከብርዱ የተነሳ አይደለም፤ በሰኔ ሙቀትም እንዲሁ ነው። የቫልሜል ሰው ልማዱን ያውቀዋል። አንዳንዱ ኩራት ነው ይላል፤ ደቡብ ወርዶ በአንደኛ ዲቪዚዮን ሲጫወት ያመጣው ነው ይላል። በሜዳው በር ላይ ድንች የምትጠብሰው ማዳም ፍላማን ግን አትስማማም። ድሮ ልጅ እያለ እጁ ቦታ አያውቅም ነበር፣ ጨዋታ ሲያልቅ መጥቶ የጨው ብልቃጧን ሁሉ ሲያገላብጥ ነበር የሚያመሸው፤ አሁን ግን ድንቹን ሲቀበላት እንኳ እንደ ሌባ ነጥቆ እጁን መልሶ ይደብቃል። "አንድ ነገርማ ነክቶታል" ትላለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

በሩን የምትከፍትለት የጊስላን ሚስት ሶሌን ናት። ግራና ቀኝ ጉንጩን ስማ ታስገባዋለች። ጊስላን ከመስኮቱ ሥር፣ አባቱ ትተውለት የሄዱትን የእርግብ ቤት ከሚያሳየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ትልቅ ሰው ነው፤ ትከሻው ዛሬም የተከላካይ ትከሻ ነው። የእግር ድምፅ ሲሰማ ቀና ይልና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልለወጣትን ጥያቄ ይጠይቃል።

"ስንት ለስንት ነን?"

ይህን ብሎ የብሌዝን ፊት አያይም። እጁን ነው የሚፈልገው። ዓይኑ ከትከሻው ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ኪሱ ይወርድና እዚያ ቆሞ ይጠብቃል።

"እየመራን ነው ጊጊ" ይለዋል ብሌዝ።

"ብዙ ቀረው?"

"ትንሽ ነው።"

ሶሌን ይህን እያየች ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ግማሽ ነው። የኳስ ልማድ አለቀቀውም ትላለች። እሷ ስትጠይቀው የእሷን እጅ አያይም፣ ነርሷ ስትጠይቀውም አያይም፣ የብሌዝን ብቻ ነው። ብሌዝ ያቀረበችለትን ብስኩት ሳይነካ፣ አንድ ሰዓት ያህል ስለ አየሩና ስለ እርግቦቹ ሲያወራ ቆይቶ ይወጣል። እቤቱ እስኪደርስ ድረስ እነዚያ ዓይኖች ኪሱ ውስጥ አብረውት ይሄዳሉ።

ሁለቱ ያደጉት አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ከጥቁሩ የከሰል ጉብታ ሥር፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙት የቀይ ጡብ ቤቶች ውስጥ። የከሰል ማውጫው የተዘጋው እነሱ ሳይወለዱ ነው። አባቶቻቸው ሥራ ሲፈቱ የቀራቸው እርግብ ማርባትና ኳስ ማየት ነበር። ብሌዝ በልጅነቱ አጥቂ መሆን ነበር የሚፈልገው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የልጆቹ አሰልጣኝ አንድ ቀን ከራስ እስከ እግሩ አየውና፣ ረጅም ነህ፣ ፈጣን አይደለህም፣ ወሬም አታበዛም፤ ከዛሬ ጀምሮ ኋላ ትቆማለህ አለው። እቤት ሄዶ አለቀሰ። እናቱ ማርትሌን የትምህርት ቤት ወለል ስትጠርግ የዋለች ሴት ናት፤ ማሊያውን እየተኮሰች፣ ሁሉ ወደ ፊት ከሮጠ ቤቱን ማን ይጠብቃል አለችው። እንባውን ጠርጎ ኋላ ሄዶ ቆመ። እዚያ ሲደርስ ጊስላን ቀድሞት ቆሟል።

አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተጫወቱ። ጊስላን አፉ አያርፍም ነበር። የተጋጣሚውን አጥቂ፣ እናትህ ማሊያህን በሙቅ ውሃ አጥባ አሳጠረችብህ እንዴ ይለውና ሰውየው ሲናደድ ኳሱን ይነጥቀዋል። ብሌዝ አይናገርም፤ የሚናገረው በጣቱ ነው። የመሀል ተከላካይ ግቡ ክልል ውስጥ ሲቆም ኳስ እጁን ነክቶ ፍጹም ቅጣት ምት እንዳይሰጥበት እጆቹን ወደ ኋላ ያጥፋል። እነሱ ታዲያ እዚያው ከወገባቸው ኋላ ቋንቋ ፈጠሩ። የተጨበጠ እጅ ከሆነ አብረን እንውጣ፣ አጥቂው ከጨዋታ ውጭ ይሁን ማለት ነው። ሁለት ጣት ከሆነ እንመለስ። አንድ ጣት ከሆነ ይሄ የኔ ነው፣ ተወው። አጥቂዎቹ አያዩትም፣ ዳኛው አያየውም፤ በረኛቸው ብቻ ያየዋል፣ እሱም እየሳቀ ደንቆሮዎቹ ሊያወሩ ነው ይል ነበር። ጊስላን የብሌዝን ጣት ካየ አይጠራጠርም። የመጣው ይምጣ ይከተለዋል።

ያ ቀን የግንቦት ቅዳሜ ነበር፤ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ። ካሸነፉ የቫልሜል ቡድን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያድጋል። ሰው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ለአንድ ሆነው ቆዩና ከእረፍት በኋላ ብሌዝ ከማዕዘን ምት የመጣውን በቴስታ አገባው። ሁለት ለአንድ። አሰልጣኙ ሦስቱንም ተቀያሪዎች አስገብቶ ጨርሷል። በሰባኛው ደቂቃ ጊስላንና የተጋጣሚው አጥቂ ለአንድ ኳስ ዘለው ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገናኙ። ድምፁ የእንጨት በር በንፋስ ሲዘጋ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። አጥቂው ተነሳ። ጊስላን ተቀምጦ ሣሩን ያይ ጀመር።

ዶክተር ቬርሃግ እየሮጡ ገቡ። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ለሃያ ዓመት የቡድኑ ሐኪም የሆኑ፣ ከተማው ውስጥ ያሉትን ሕፃናት ግማሹን የከተቡ ሰው ናቸው። ጊስላን ፊት ተንበረከኩና የጭንቅላት ምት የደረሰበት ተጫዋች የሚጠየቀውን ይጠይቁት ጀመር። ብሌዝ ከጀርባቸው ቆሟል።

የት ነን አሉት። ቤታችን አለ። ልክ ነው። ስንት ለስንት ነን አሉት።

ጊስላን ዝም አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ዓይኑን ከሐኪሙ ትከሻ በላይ አነሳና ብሌዝን አየው፤ ብሌዝን ሳይሆን እጁን።

ሰው ቢጠይቀው ብሌዝ አሰብኩበት ሊል አይችልም። ጣቶቹ ጭኑ ላይ ተዘረጉ፤ በቀኝ እጁ ሁለት፣ በግራው አንድ።

"ሁለት ለአንድ" አለ ጊስላን።

"ያገባው ማነው?"

ብሌዝ አውራ ጣቱን ወደ ደረቱ መለስ አደረገ።

"ይሄ ግንድ ነዋ። ጭንቅላቱ ባዶ ስለሆነ ኳስ ይነጥርለታል።"

ዶክተሩ ሳቁ። ይሄማ ደህና ነው፣ አፉም በቦታው ነው አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወጡ። በአሥር ሰው ከመቅረት ተረፉ። በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ከሩቅ የተመታ ከፍ ያለ ኳስ መጣ። ጊስላን ዘሎ በግንባሩ መታው፤ ኳሱ መሬት ሳይነካ እሱ ወድቆ ነበር።

ሁለት ለአንድ አለቀ። ሰው አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው፤ አምቡላንሱ ለመውጣት በሚዘፍኑ ሰዎች መሀል መንገድ መለመን ነበረበት። ብሌዝን በትከሻቸው ተሸክመውት ነበር። ከላይ ሆኖ ሰማያዊው መብራት ሲሄድ አየ።

ጊስላን ሊል ከተማ፣ ሆስፒታል ገብቶ ጭንቅላቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ሦስት ወር ተኛ። ሲወጣ መራመድ ቻለ፣ መብላት ቻለ፣ ሚስቱን አወቀ። ትናንትን ግን መያዝ አልቻለም። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመና ብሌዝንም ጠራው። የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዶክተሩ ጠየቁት፣ እሱም መለሰ። አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ከጉሮሮው ያልወረደው። ዶክተር ቬርሃግን ክለቡ አሰናበታቸው። ገበያ ላይ ሰው ከኋላቸው፣ ዓይን የሌለው ሐኪም ይላቸው ጀመር፤ ያከሟቸው ሰዎች ናቸው። ክሊኒካቸውን ዘግተው ወደ ባሕሩ ዳር ሄዱ። ሶሌን ስማቸው ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች።

የብሌዝ ዕድል ግን የተከፈተው ያኔ ነው። ሁለት ዓመት በሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫወተና ደቡብ ያለ ትልቅ ክለብ ወሰደው። በጋዜጣ ስህተት የማያውቀው ተከላካይ ብለው ይጽፉለት ነበር። ማርትሌን ወረቀቱን እየቆረጠች ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። እሱ ግን የማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር፣ እጁን ወደ ኋላ ባጠፈ ቁጥር፣ ከሚዘሉት ሰዎች ትከሻ በላይ ጣቱን የሚጠብቁ ሁለት ዓይኖች ያያል። አርባ ሺህ ሰው በሚጮህበት ስታዲየም ውስጥ እሱ የሚሰማው ስንት ለስንት ነን የሚለውን ነው። በመጨረሻ የሁለቱንም እጆቹን ጣቶች በነጭ ፕላስተር አንድ ላይ እያሰረ መግባት ጀመረ። ወለምታ ነው ይላቸው ነበር። የክለቡ ሐኪም አንስቶ ሲያይ ጣቶቹ እንደ ሕፃን ጣት ጤነኛ ናቸው።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው ወደ ቫልሜል ተመለሰ። ቡድኑ ተመልሶ ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። ሰው ለውለታ መጣ አለ። እሱ የመጣው ለእረፍት ብቅ ሲል ብቻ ያገኛቸው የነበሩትን የጊስላን ቤት እሁዶች ፈልጎ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለራሱም አላስረዳም።

በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ሶሌን አንድ ደብዳቤ አወጣችለት። ከዶክተር ቬርሃግ ነው። ልባቸው ታሟል፤ ሳይሞቱ ጊስላንን አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ። የዚያን ቀን ምን እንዳመለጣቸው ዘጠኝ ዓመት ራሳቸውን ቢጠይቁም አላገኙትም፣ አላየሁም ለማለት ግን መምጣት ይፈልጋሉ ይላል ደብዳቤው። ሶሌን ወረቀቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"አንተ እዚያ ነበርክ" አለችው። "ንገረኝና እሺ ልበላቸው ወይ እምቢ። እንደ ደንቡ ጠይቀውት ነበር?"

"ብዙ ጊዜ ሆነው እኮ ሶሌን።"

"ለኔ አልሆነም። ለኔ ማታ ማታ ነው የሚሆነው።"

ብሌዝ ጨዋታዎቹ ይለቁና በደንብ አስቤ እነግርሻለሁ አላት። ለማስታወስ የኳስ ወቅት ማለቅ አለበት እንዴ አለችና ትክ ብላ አየችው። ጊስላን ከመስኮቱ ሥር ኪሱን እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለብሌዝ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ቢናገር ሶሌን በሩን ትዘጋበታለች፤ ጊስላንን ያጣል፤ ስሙም በከተማው ይጠፋል። ባይናገር አንድ ሽማግሌ በሌላ ሰው ጥፋት ተሸማቆ ይሞታል። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቶ አስቀመጠው። ሚያዝያ እንዲህ አለፈ።

የመጨረሻው ጨዋታ ላለመውረድ ነበር፤ ማሸነፍ ግድ ነው። ከብሌዝ ጎን የቆመው ቲዲያን የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ተከላካይ ነው። ብሌዝ ሁለት ዓመት አብሮት ተጫውቶ የጣት ቋንቋውን ሁሉ በልምምድ ላይ አስተምሮታል፤ ለጨዋታ ግን ዛሬም ጣቶቹን በፕላስተር አስሮ ነው የሚገባው። ቲዲያንም እንደ ጊስላን ለፍላፊ ነው። ብሌዝን ሽማግሌው ነው የሚለው፤ ሽማግሌው፣ ዛሬ ጉልበትህን ቅባ ቀብተህለታል ወይስ ድምፁን ልስማው ይለዋል። አንድ ለባዶ እየመሩ ሳለ፣ ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ቲዲያን ለቴስታ ሲዘል የራሳቸው በረኛ በክርኑ ጆሮ ግንዱን መታው።

ያ የበር ድምፅ ነበር።

አዲሷ ሐኪም ሮጣ ገባችና ተንበረከከች። ወጣት ናት፣ ጠንቃቃ ናት። ብሌዝ ከጀርባዋ ቆሟል። የት ነን አለችው። ቫልሜል። ስንት ለስንት ነን አለችው።

ቲዲያን ዝም አለ። ቀስ ብሎ ዓይኑን ከትከሻዋ በላይ አነሳ።

ይህን ማንም አላስተማረውም። ብሌዝ ወደ ታች ሲመለከት የቀኝ እጁ ፕላስተር ተቀዶ አንዲቱ ጣቱ ወጥታለች፤ ጭኑ ላይ ቀጥ ብላ ተዘርግታለች። እሱ አላዘዛትም። በግራ እጁ ጨምቆ ያዛት፤ እንደ ሌላ ሰው ጣት ነበር የያዛት።

"ዶክተር" አለ ብሌዝ። "አያውቀውም። ከኔ ሊያይ ነው የሚፈልገው። አስወጪው።"

"ውሸት ነው" አለ ቲዲያን። "አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ምን ሆነሃል አንተ?"

"እሺ ስንት ነው? እኔን ሳታይ ንገራት።"

ቲዲያን አፉን ከፈተ። ሣሩን አየ። ከዚያ ሊቆም ሞከረና እግሩ ከዳው። ይዘውት ሲወጡ እያለቀሰ ይሳደብ ነበር።

በቦታው የገባው ልጅ ከመስመር እንጂ ከመሀል ተጫውቶ አያውቅም። ብሌዝ የተፈታችውን ጣቱን ቢያሳየው አልገባውም። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ አንዱ ሲወጣ ሌላው ቀረና አጥቂው በመሀላቸው ገብቶ አገባ። አንድ ለአንድ። ቫልሜል ወረደ። ሰው ከአጥሩ ላይ ፉጨት ለቀቀበት፤ ማዳም ፍላማን ምድጃዋን አጥፍታ ቆማ ታይ ነበር። መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ፊቱ ላይ መጥቶ፣ ልጁ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ምን ነበረበት አለው።

"ያኛው የቆየው አሥራ አንድ ነው" አለ ብሌዝ።

አሰልጣኙ አልገባውም። ብሌዝም አላስረዳውም። ታኬታውን ፈታ፣ ፕላስተሩን ከሁለቱም እጆቹ ላጠና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለው።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ሶሌን በሩን ስትከፍት እጆቹን አየች፤ ውጭ ናቸው። ጉንጩን ሳትስመው ግባ አለችው። ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ቆሞ ነገራት። ከየት እንደሚጀምር አላወቀም ነበርና ከመጨረሻው ጀመረ፤ ዶክተሩ ምንም አላመለጣቸውም፣ መልሱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ አላት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉንም አወራ፤ የተቀያሪዎቹን ማለቅ፣ ጭኑን፣ ጣቶቹን፣ ለኮሚቴው ያላትን አንድ ዓረፍተ ነገር። ሶሌን አላቋረጠችውም። እጅዋ የወንበሩን ጀርባ ይዞ ነጭ ሆኗል።

ሲጨርስ ዓይኗን ወደ እጆቹ አወረደች።

"አሳየኝ" አለችው በመጨረሻ።

"ሶሌን፣ እባክሽ።"

"ዘጠኝ ዓመት እጅህን ሲፈልግ የኳስ ልማድ ነው እያልኩ ስስቅ ነበር። እፊትህ። አሳየኝ።"

ብሌዝ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀኙ ሁለት። ግራው አንድ።

ከመስኮቱ ሥር ወንበሩ ተንቀጫቀጨ። ጊስላን ቀና ብሎ ነበር። ዓይኑ ጣቶቹ ላይ አርፏል፤ ፊቱ ላይም ሁለቱም ዘጠኝ ዓመት ያላዩት ነገር አለ፤ ሊቀልድ ሲል የሚመጣበት የከንፈሩ ጥምዘዛ።

"ሁለት ለአንድ" አለ፤ እንደ ጥሩ ተማሪ። "ይሄ ግንድ ነዋ። ጭንቅላቱ ባዶ ስለሆነ ኳስ ይነጥርለታል።"

ሶሌን ወንበሩን ለቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብሌዝ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እጅዋን አነሳች፤ እንዳትነካኝ ነው። እዚያው ተቀምጣ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣችና ስልኩን ወደ እሱ ገፋችለት። ለሳቸው እኔ አልደውልም፣ አንተ ትደውላለህ፣ እኔ እየሰማሁ አለችው።

ደወለ። ዶክተር ቬርሃግ ሁሉንም እስኪጨርስ አዳመጡት። ትንፋሻቸው ብቻ ነበር የሚሰማው። ይጮሁብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢጮሁ ይቀልለው ነበር።

"አንተ ከኋላዬ ነበርክ ማለት ነው" አሉ። "እኔ ደግሞ ዞር አላልኩም። ኮሚቴው ፊት አብረን ደግመን እንቀርባለን፣ ትሰማኛለህ ልጄ? ከመሞቴ በፊት ስሜን ትመልስልኛለህ።"

"እሺ ዶክተር" አለ ብሌዝ።

በሰኔ መጀመሪያ መጡ። ብሌዝ በመኪናው ከባቡር ጣቢያ አምጥቷቸው በር ላይ አወረዳቸው። ሶሌን ሽማግሌውን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ እሱን ግን ቤት አላስገባችውም። ቀን ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ብሌዝ ከጓሮው አጥር ውጭ፣ ከእርግቦቹ ቤት አጠገብ፣ ጊስላን ከተቀመጠበት በማይታይ ቦታ ቆመ።

ዶክተሩ መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠየቁት። ቀጥለው ሲናገሩ ድምፃቸው ያ የሜዳው ድምፅ ነበር።

"ስንት ለስንት ነን፣ ጊስላን?"

እርግቦቹ ያንጎራጉራሉ። ብሌዝ ባያይም ያውቃል፤ ጊጊ አሁን ዓይኑን ከሐኪሙ ትከሻ በላይ አንስቷል። በሩን እያየ ነው። ግድግዳውን እያየ ነው። እጅ እየፈለገ ነው። ብሌዝ በሁለት እጁ የአጥሩን እንጨት አጥብቆ ያዘ፣ ስንጥሩ መዳፉ ውስጥ እስኪገባ።

"አላውቅም" አለ ጊስላን።

"ጥሩ" አሉ ዶክተሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ጥሩ ነው ልጄ። አታውቅም። እንግዲያው ትወጣለህ፣ ታርፋለህ።"

ሶሌን ቆየት ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ልብስ የሞላ ዘንቢል ይዛለች። ብሌዝን ሳታየው የጊስላንን ሸሚዞች ገመዱ ላይ ታሰጣ ጀመር። አንዱ መቆንጠጫ አመለጣትና በአጥሩ ሥር ወደ እሱ ተንከባለለ። አነሳና በክፍት መዳፉ ዘረጋላት። መዳፉ ላይ ደም ነበር። ለጥቂት ጊዜ እጁን አየችው፤ ከዚያ መቆንጠጫውን ወስዳ ሸሚዙን ሰቀለችበት።

"ባቡራቸው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው" አለችው። "አታስረፍድባቸው።"